ባክቴሪያ መሞቁን በምን ያውቃል?

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እኛ ሲሞቀን እናውቃለን። ቆዳችን ውስጥ ነርቭ አለ። ነርቩ ለአንጎል ይነግራል፤ አንጎል ደግሞ ላብ እንዲወጣ ያዛል። ባክቴሪያ ግን ነርቭም አንጎልም የላትም። ሁለመናዋ አንዲት ሕዋስ ናት። ኢ. ኮላይን ብንወስድ ርዝመቷ የሚሊሜትር ሁለት ሺኛ ገደማ ነው። ይሁንና ያለችበት ፈሳሽ ከ30 ወደ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢወጣ፣ ደቂቃዎች ሳይሞሉ የፕሮቲን ምርቷን ትገለብጣለች። የዘወትር ሥራዋን ቀነስ ታደርግና የአደጋ ጊዜ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት ትጀምራለች። ማን ነገራት?

ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል። መልሱን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ፤ የቀረው ጊዜ እሱን ለማሳየት ነው። አደጋው መጀመሪያ የሚያጎብጠው ሞለኪውል፣ እሱ ራሱ ነው ደወሉ። ለብቻው የተቀመጠ ጠባቂ የለም። የፕሮቲኑ ቅርጽ ሲነካ ሥራው ይቀየራል፤ ሥራው ሲቀየር ሕዋሷ አወቀች ማለት ነው።

ቃሉን ግን ቀድመን እናጥራ። ሳይንቲስቶች «ስትረስ» ሲሉ የሐሳብ ጭንቀት ማለታቸው አይደለም። ሕዋሷ የለመደችው ሁኔታ በድንገት ሲናጋ ማለታቸው ነው። ሙቀት ሊሆን ይችላል። ብርድ፣ አሲድ፣ ረሃብ፣ ጨው፣ እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለ ኬሚካል፣ ወይም ዲኤንኤን የሚጎዳ ጨረር ሊሆንም ይችላል። እኔ በደፈናው ጭንቀት እያልኩ እጠራዋለሁ።

አሁን ወደ ፕሮቲን እንግባ። ፕሮቲን ሲወለድ ረጅም ክር ነው፤ አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ክር። ክሩ እንዲሁ ሆኖ ምንም አይሠራም። መታጠፍ፣ መጠቅለል፣ የራሱን ቅርጽ መያዝ አለበት። ቅርጹን ሲይዝ ነው ስኳር የሚሰብረው፣ ዲኤንኤ የሚገለብጠው፣ የሕዋስ በር ሆኖ የሚከፈተውና የሚዘጋው። ከአሚኖ አሲዶቹ መካከል ውሃ የሚጠሉ አሉ፤ ውሃ የሚወዱም አሉ። ክሩ ሲታጠፍ ውሃ የሚጠሉት ወደ መሐል ይሸሸጋሉ። ውሃ የሚወዱት በውጭ በኩል ይቀራሉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስባታለን።

አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኒውክሊየዝ የሚባለውን ትንሽ ፕሮቲን በኬሚካል ፈታው። ኬሚካሉን ሲያስወግድ ፕሮቲኑ ያለማንም እርዳታ ተመልሶ ታጠፈ። የቅርጹ መመሪያ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ታዲያ ፕሮቲን ራሱን በራሱ ካጠፈ ረዳት ለምን ያስፈልገዋል? የአንፊንሰን ፕሮቲን የታጠፈው በሙከራ ቱቦ ውስጥ ነው። በዙሪያው ብዙ ውሃ ነበር፤ የሚጋፋው አልነበረም። ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላም የለም። በአንዲት ኢ. ኮላይ ውስጥ ሚሊዮኖች ፕሮቲኖች ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። አንዱ ክር ታጥፎ ሳይጨርስ ውሃ የሚጠላው ጎኑ ከሌላው እንዲሁ ካልተሸፈነ ጎን ጋር ከተገናኘ፣ በቃ፣ ይጣበቃሉ። ሦስተኛ ይጨመራል፤ አራተኛ ይጨመራል። በመጨረሻ ጓል ይሆናሉ። የእንቁላል ነጭ ሲሞቅ የሚደርስበት ይኸው ነው። ፕሮቲኖቹ ይፈታሉ፣ እርስ በርስ ይተበተባሉ፣ ፈሳሹ ይጠጥራል። እንቁላሉን መልሳችሁ ብታቀዘቅዙት ጥሬ አይሆንም።

ባክቴሪያዋ ግን ከዚህ ትመለሳለች። ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው ይህ ነው።

ጥናቱ የተጀመረው በባክቴሪያ አይደለም። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንብ እጮችን የምራቅ ዕጢ ክሮሞሶሞች ያጠና ነበር። አንድ ቀን የኢንኩቤተሩ ሙቀት ሳይታሰብ ከፍ ብሎ ቆየ። ሪቶሳ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ክሮሞሶሞቹ ላይ አዲስ ቦታ ላይ እብጠት ወጥቷል። በእነዚያ ክሮሞሶሞች ላይ እብጠት ማለት እዚያ ያለው ጂን ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመ። በሙቀቱ ምክንያት የሚመረቱት ፕሮቲኖች ራሳቸው የታዩት ግን ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ በአልፍሬድ ቲሲዬር ቡድን ነው።

ባክቴሪያ ላይ የተደረሰው በሌላ መንገድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮስታ ጆርጎፖሎስና ሌሎች ተመራማሪዎች ላምዳ የሚባለው ቫይረስ ሊራባባቸው ያልቻለ የኢ. ኮላይ ዝርያዎችን አገኙ። ቫይረሱ ይገባል፤ ክፍሎቹን ያስመርታል፤ ግን ራሱን መገጣጠም ያቅተዋል። ጉድለቱ የቫይረሱ አልነበረም። ባክቴሪያዋ ውስጥ አንድ ረዳት ጎድሏል። ያንን ረዳት የሚሠራውን የጂን ስፍራ «ግሮኢ» አሉት። ቫይረስ የሚያጠና ሰው ሳያስበው የሕዋስን ትልቁን የፕሮቲን ማጠፊያ ማሽን አገኘ። ከሳይንስ ታሪክ ውስጥ እኔን ደጋግሞ የሚያስደስተኝ ይህ ዓይነቱ ነው።

ማሽኑ ግሮኢኤል ይባላል። ስለ እሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ፤ ይገባዋል።

ሁለት የመኪና ጎማዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ አስቡ። እያንዳንዱ ጎማ ከ7 ተመሳሳይ ቁራጮች ተሠርቷል። በድምሩ 14 ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ 57 ኪሎዳልተን ገደማ ይመዝናል (ኪሎዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው)፤ ጠቅላላው 800 ኪሎዳልተን ይጠጋል። ለሞለኪውል ይህ ግዙፍ ነው። ቁመቱ 15 ናኖሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ክፍት ነው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ አንድ አንድ ጎድጓዳ ክፍል አለ። ከላይ የሚገጠም ክዳንም አለው፤ ግሮኢኤስ ይባላል፤ እሱም ከ7 ትናንሽ ቁራጮች የተሠራ ነው። የግሮኢኤል ዝርዝር ቅርጽ በኤክስሬይ የታየው በ1994 ነው። በ1997 ደግሞ ክዳኑ እንደተገጠመ ታየ። ከሥራው ጀርባ የአርተር ሆርዊችና የፖል ሲግለር ቡድኖች ነበሩ።

ሲሠራ እንዲህ ነው። የክፍሉ አፍ ዙሪያውን ውሃ በሚጠሉ አሚኖ አሲዶች ተለብጧል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ መጣች። በትክክል የታጠፈ ፕሮቲን ውሃ የሚጠላ ጎኑን ሸሽጓልና አፉ ላይ አይጣበቅም፤ ያልፋል። ያልታጠፈው ወይም የተፈታው ግን ያ ጎኑ ተጋልጧል፤ ስለዚህ ይያዛል። ግሮኢኤል የሺዎችን ፕሮቲኖች ትክክለኛ ቅርጽ ማወቅ አያስፈልገውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሊሸሸግ የሚገባው ነገር ወጥቶ መታየቱን።

ከዚያ ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ የኃይል ሞለኪውል ይመጣል። ሰባቱም ቁራጮች አንድ አንድ ይይዛሉ። ወዲያው የላይኛው ክፍላቸው ወደ ላይ ይነሳል፣ ይጠመዘዛል። ክዳኑ ይገጠማል። ይህ ጥምዝ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጎድጓዳው ክፍል በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ግድግዳው ደግሞ ባሕርዩን ይቀይራል። ውሃ የሚጠላው ፊት ወደ ጎን ዞሮ ይደበቃል፤ ውሃ የሚወደው ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል። ተጣብቆ የነበረው ፕሮቲን የሚይዘው ያጣል፤ ወደ መሐሉ ይወድቃል። አሁን ብቻውን ነው። የሚጋፋው የለም፤ የሚጣበቅበት የለም። ለ10 ሰከንድ ያህል ለመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ኤቲፒው ተሰብሮ ሲያልቅና ሌላኛው ጎማ በተራው ኤቲፒ ሲይዝ ክዳኑ ይነሳል። ፕሮቲኑ ታጥፎ ከሆነ ይሄዳል። ካልሆነ ተመልሶ ይያዛል።

አስተውሉ፤ ግሮኢኤል ፕሮቲኑን በእጁ አያጥፈውም። የአንፊንሰንን የሙከራ ቱቦ ሰላም ነው የሚሰጠው። ክፍሉ ዝም ብሎ መጠለያ ነው ወይስ በስህተት የታጠፈውን በመፍታትም ይረዳል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ሁለቱም እውነትነት አላቸው ባዮች ውስጥ ነኝ። ሲይዝ ክሩን ሳብ፣ ፈታ ያደርገዋል፤ ሲከድን ደግሞ ያስጠልለዋል።

እንዲህ ያሉ ረዳቶችን ሳይንሱ «ሻፐሮን» ይላቸዋል። በአማርኛ ሞግዚት ብንላቸው አይከፋም። ሞግዚት ልጁን አይሆንለትም። እስኪያድግ ይጠብቀዋል፤ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር እንዳይገጥም ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የጭንቀት ፕሮቲን ሲባል አደጋ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። ግሮኢኤል ግን በሰላሙም ጊዜ ያስፈልጋል። ጂኑን ብታጠፉት ኢ. ኮላይ በየትኛውም ሙቀት አታድግም። ሙቀት ሲመጣ ብዛቱ ይጨምራል እንጂ አዲስ ሥራ አይጀምርም።

ሁለተኛው ትልቅ ሞግዚት ዲኤንኤኬ ነው። የ638 አሚኖ አሲዶች ርዝመት አለው። ቅርጹ ከግሮኢኤል ፍጹም የተለየ ነው። ክፍል የለውም፤ መዳፍና ክዳን ነው ያለው። በአንድ በኩል ኤቲፒ የሚይዝ ክፍል፣ በሌላ በኩል አጭር የፕሮቲን ክር የሚጨብጥ ክፍል። ኤቲፒ ሲይዝ ክዳኑ ይከፈታል፤ ኤቲፒው ሲሰበር ይዘጋል። ዲኤንኤጄ የተባለው ጓደኛው የተፈታውን ፕሮቲን ያመጣለታል፣ ኤቲፒው እንዲሰበርም ያነሳሳል። ጂአርፒኢ የተባለው ሌላው ደግሞ ያለቀውን ኃይል አውጥቶ እንደገና እንዲከፈት ያደርገዋል። ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ፣ ለቀቅ።

አንዳንዴ ሞግዚቶቹ አይደርሱም። ጓል ተፈጥሯል። ያኔ ክልፕ-ቢ ይመጣል። 6 ቁራጮች ያሉት ቀለበት ነው። ከጓሉ ላይ ከዲኤንኤኬ ጋር ሆኖ አንዱን ክር ያገኝና በመሐል ቀዳዳው አሳልፎ ይጎትተዋል። ክሩ ከጓሉ ተመዝዞ በሌላኛው ወገን ይወጣል፤ እንደገና የመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ባክቴሪያዋን ከእንቁላሉ የሚለያት ይህ ነው። የማይጠገነውስ? ለእሱ ክልፕ-ፒ አለ፤ 14 ቁራጮች ያሉት በርሜል ነው። የሚቆርጡት ስለቶች ሁሉ ከበርሜሉ ውስጥ ናቸው። በሩ ጠባብ ስለሆነ የታጠፈ ፕሮቲን ሊገባ አይችልም። በር ላይ የሚቆመው ሌላ ቀለበት የሚጣለውን መርጦ፣ ፈትቶ፣ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማን ነገራት?

ጂኖችን የሚያነብበው ማሽን አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ይባላል። የትኛውን ጂን እንደሚያነብ የሚመራው ሲግማ የሚባል ተነቃይ ቁራጭ ነው። ኢ. ኮላይ 7 ዓይነት ሲግማ አላት። የዘወትሩ ሲግማ 70 ነው። የሙቀቱ ሲግማ 32 ነው፤ ቁጥሩ ክብደቱን በኪሎዳልተን ያሳያል። ሲግማ 32 ሲበዛ የግሮኢኤልና የዲኤንኤኬ ጂኖች በብዛት ይነበባሉ። እንግዲህ ጥያቄው ሲግማ 32ን የሚያበዛው ምንድን ነው የሚል ይሆናል።

በሰላሙ ጊዜ ሲግማ 32 ይመረታል፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። በ30 ዲግሪ ግማሹ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይጠፋል። የሚያጠፋው ማን ነው? ዲኤንኤኬ ራሱ ይይዘዋል፤ ኤፍቲኤስኤች ለተባለው ቆራጭ ኢንዛይም እንዲደርስም ምክንያት ይሆናል። አሁን ሙቀት መጣ እንበል። በሕዋሷ ውስጥ በየቦታው ፕሮቲኖች ይፈታሉ። ዲኤንኤኬ ወደ እነሱ ይሮጣል። ሁሉም እጅ ተይዟል። ሲግማ 32ን የሚይዝ ጠፋ። ስለዚህ ሲግማ 32 ይኖራል፣ ይከማቻል፣ ጂኖቹን ያስነብባል። ተጨማሪ ዲኤንኤኬ ይመረታል። የተፈቱት ፕሮቲኖች ሲጠገኑ ሥራ ያጡ ዲኤንኤኬዎች ይበዛሉ። እነሱም ተመልሰው ሲግማ 32ን ይይዛሉ። ደወሉ በራሱ ጊዜ ይቆማል።

መጀመሪያ ይህን ስረዳ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ሕዋሷ እዚህ ላይ ሙቀቱን አትለካም። የምትቆጥረው ሥራ ፈት የሆኑ ሞግዚቶቿን ነው። ጠጋኙም ደወሉም አንድ ፕሮቲን ነው።

ይህ ግን ብቻውን በቂ ፍጥነት የለውም። ሌላም መንገድ አለ፤ እሱ በቀጥታ ሙቀትን ይሰማል። የሲግማ 32 መልእክት የተጻፈበት አርኤንኤ፣ ማለትም ከጂኑ የተቀዳው ቅጂ፣ በ30 ዲግሪ በራሱ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም የሚያርፍበት መነሻ በእጥፋቱ ውስጥ ተደብቋል። ወደ 42 ዲግሪ ሲደርስ እጥፋቱ ይላላል፤ መነሻው ይጋለጣል፤ ምርት ይጀመራል። አስቀድሞ የተጻፈ መልእክት ነው፤ ሙቀት የሚከፍተው ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ። እዚህም ቢሆን የሰማው አካል ሙቀቱ ያላላው ሞለኪውል ራሱ ነው።

ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ በየቦታው ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ኤችኤስፒ33 የሚባል ሞግዚት አለ። በሰላሙ ጊዜ ተኝቷል። አራት ሲስቲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶቹ አንድ የዚንክ አቶም አቅፈው አንዱን የፕሮቲኑን ጫፍ አጥብቀው ይይዙታል። ሃይፖክሎረስ አሲድ ሲመጣ ሲስቲኖቹ ይቃጠላሉ። ሃይፖክሎረስ አሲድ ማለት በበረኪና ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው፤ የእኛ ነጭ የደም ሕዋሳትም ባክቴሪያን ለመግደል ያመርቱታል። ሲስቲኖቹ ሲቃጠሉ ዚንኩ ያመልጣል። ጫፉ ይፈታል። አሁን የተፈታው ጫፍ ሌሎች እየተፈቱ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚይዝ እጅ ይሆናል። ሥራውን የሚጀምረው የራሱ ክፍል ሲፈርስ ነው።

ኤችዲኢኤ የሚባለው ሞግዚት ደግሞ አሲድ ሲመጣ የሚነቃ ነው። ኢ. ኮላይ ወደ አንጀት ስትሄድ በጨጓራ ታልፋለች። የጨጓራ ፒኤች ከ1 እስከ 3 ሊሆን ይችላል፤ ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። የባክቴሪያዋ የውጭ ሽፋን ትናንሽ ሞለኪውሎችን የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉት። ስለዚህ አሲዱ በሁለቱ ሽፋኖች መሐል ወዳለው ክፍል ወዲያው ይገባል። እዚያ ክፍል ውስጥ ኤቲፒ የለም። እንደ ግሮኢኤል ያለ ኃይል የሚበላ ማሽን አይሠራም። ኤችዲኢኤ በገለልተኛ ፒኤች ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቃቅፎ ይኖራል። ምንም አይሠራም። አሲዱ ሲያገኘው ጥንዱ ይለያያል፤ ፕሮቲኑ ይላላል፤ ሸሽጎት የነበረው ውሃ የሚጠላ ጎኑ ይወጣል። በዚያ ጎኑ ሌሎቹን ይይዛል። ጨጓራው ታልፎ አሲዱ ሲበርድ ቀስ እያለ ይለቃቸዋል። ቀስ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉንም ባንዴ ቢለቅ ኖሮ እርስ በርስ ተጣብቀው ጓል ይሆኑ ነበር።

ኦክሲአር የሚባለውን ፕሮቲን በአጭሩ ልንካው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲነካው 199ኛውና 208ኛው አሚኖ አሲዶቹ፣ ሁለቱም ሲስቲን ናቸው፣ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ቁልፉ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያዞራል። ፐርኦክሳይድን የሚያጠፉ ኢንዛይሞች ጂኖች ይነበባሉ። ከእነሱ ጋር ዲፒኤስም ይመረታል። ዲፒኤስ 12 ቁራጮች ያሉት ባዶ ኳስ ነው። ብረት ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ዲኤንኤን የሚበላ አደገኛ ነገር ይፈጠራል። ዲፒኤስ ብረቱን እየሰበሰበ በሆዱ ውስጥ ይቆልፋል፤ አንዱ ኳስ 500 ገደማ የብረት አቶሞች ይይዛል። በረሃብ ጊዜ ደግሞ ከዲኤንኤው ጋር ተደርድሮ እንደ ክሪስታል ይሆናል። ዲኤንኤው በዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ክፉ ቀን ያሳልፋል።

ብርድም አለ። ሲኤስፒኤ የሚባለው ፕሮቲን 70 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ በርሜል ነው። ሲበርድ አርኤንኤ ይቆላለፋል፤ እሱ ይፈታዋል። የራሱ መልእክት አርኤንኤ ደግሞ ሲበርድ ቅርጹን ቀይሮ ለመነበብ ይመቻል። የሲግማ 32 ተቃራኒ ማለት ነው። የዚህ ፕሮቲን ዘመድ የሆነው፣ ባሲለስ ሰብቲሊስ ከተባለች ሌላ ባክቴሪያ የተወሰደው ሲኤስፒቢ፣ ድርቅን እንዲቋቋም ተብሎ በቆሎ ውስጥ ገብቷል።

ዲኤንኤው ራሱ ሲቆረጥስ? በ1970ዎቹ ሚሮስላቭ ራድማን ለዚህ ምላሽ ኤስኦኤስ የሚል ስም ሰጠው፤ መርከቦች ሲሰጥሙ ከሚልኩት ጥሪ የተወሰደ ነው። ኢቭሊን ዊትኪንም ለዚህ ሐሳብ መሠረት ከጣሉት አንዷ ናት። ሌክስኤ የሚባል ፕሮቲን ወደ 40 በሚጠጉ ጂኖች ላይ ተቀምጦ ዘግቷቸዋል። ዲኤንኤ ሲጎዳ ነጠላ የሆነ ክር ይጋለጣል። ሬክኤ የሚባለው ፕሮቲን በነጠላው ክር ላይ እየተደረደረ እንደ ጠመዝማዛ ገመድ ይሆናል። በአንድ ዙር 6 ገደማ ሬክኤ አለ። ሌክስኤ ከዚህ ገመድ ጋር ሲገናኝ ይሰበራል። 84ኛውና 85ኛው አሚኖ አሲዶች መካከል ነው የሚቆረጠው።

ለብዙ ጊዜ ሬክኤ ሌክስኤን ይቆርጠዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጆን ሊትል በ1984 ያሳየው ግን ሌላ ነው። ሬክኤ ባይኖርም ሌክስኤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ራሱን ይቆርጣል። ቢላዋው በራሱ ውስጥ ነው። ሬክኤ የሚያደርገው ቅርጹን ወደሚቆርጥበት አቅጣጫ ማዞር ብቻ ነው። ለአደጋው ቀን ራሱን እንዲሰብር ተደርጎ የተሠራ ፕሮቲን ነው።

ከዚያ ጂኖቹ ይከፈታሉ። መጀመሪያ በጥንቃቄ የሚጠግኑት ይመጣሉ። ኤስዩኤልኤ የተባለው የሕዋስ መከፈልን ያስቆማል፤ ባክቴሪያዋ ሳትከፈል ትረዝማለች። ጉዳቱ ካልተጠገነ በመጨረሻ ፖሊመሬዝ 5 ይመጣል። ይህ ኢንዛይም የተበላሸውን ዲኤንኤ እየዘለለ ይገለብጣል። ብዙ ይሳሳታል። ስህተቱ ደግሞ አዲስ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ ነው። ከሚውቴሽኖቹ አንዱ መድኃኒት የሚያስቋቁም ሊሆን ይችላል። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ ዲኤንኤን የሚጎዱ አንቲባዮቲኮች ይህንኑ ኤስኦኤስ እንደሚቀሰቅሱ ልብ በሉ። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። መጠኑ ያነሰ ወይም የተቋረጠ መድኃኒት ባክቴሪያዋን ሳይገድል ደወሉን ብቻ ሊያስጮህ ይችላል።

ንግግሩ ሲያልቅ አንድ አድማጭ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። እነዚህን ፕሮቲኖች ራሳቸውን ብንመታቸውስ? አሉ። የመለስኩላቸውን እዚህም ላስፍር።

ግሮኢኤልን መምታት ያጓጓል፤ ግን እኛም አለን። የሕዋሳችን የኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ከጥንት ባክቴሪያ የመጣ ነው፤ የራሱን ግሮኢኤል ይዞ መጥቷል። ኤችኤስፒ60 እንለዋለን። የእኛ ኤችኤስፒ70ም ከዲኤንኤኬ ጋር ግማሽ ያህል አሚኖ አሲዱ አንድ ነው። እነሱን የሚያግድ መድኃኒት እኛንም እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ግድ ነው።

ክልፕ-ፒ ላይ የታየው ሐሳብ በጣም ያስደስተኛል። ኤዴፕ የሚባሉ ሞለኪውሎች በርሜሉን አይዘጉትም። በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። ያኔ በርሜሉ መምረጡን ይተውና የባክቴሪያዋን ጤነኛ ፕሮቲኖች መብላት ይጀምራል። የተለመዱ አንቲባዮቲኮች የሚያቅታቸው፣ ሥራቸውን አቁመው ያደፈጡ ባክቴሪያዎችም በዚህ መንገድ ይሞታሉ። በ2013 በወጣ ጥናት ኤዴፕ ሪፋምፒሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር ተደርጎ በአይጦች ላይ ሥር የሰደደ የስታፊሎኮከስ ኢንፌክሽን ማጥፋት ተችሏል።

ሦስተኛው ሌክስኤ ነው። በ2005 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ሌክስኤያቸው ሊቆረጥ የማይችል የኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎችን ሠሩ። አይጦችን በእነሱ አስያዙና በሲፕሮፍሎክሳሲን አከሙ። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን መቋቋም ሳይማሩ ቀሩ። እኛ ሌክስኤ የለንምና እሱን የሚያግድ ነገር እኛን አይነካም ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ዓላማው ባክቴሪያዋን መግደል አይደለም። ለመግደሉ ሌላው መድኃኒት አለ፤ ይህኛው እንዳትለወጥ ነው የሚይዛት። አስቸጋሪው ነገር ከቅርጹ ይመነጫል። ሌክስኤ የሚቆርጠው ራሱን ነው፤ ቢላዋውና የሚቆረጠው ክር በአንድ ፕሮቲን ላይ ተጎራብተው ይኖራሉ። ከውጭ የሚመጣ የመድኃኒት ሞለኪውል በመሐላቸው ለመግባት በጣም ፈጣንና በጣም ትንሽ መሆን አለበት።